ጥርግርግ ያለ ማሳ

ጋሽ ጽዱ አንዱን ቦቲ አጥልቀው ሌላውን ከአልጋው ሥር በእግራቸው ጣት እየፈለጉ ሳለ፣ ከማሳው በኩል አንድ ነገር ጓ ብሎ ወደቀ። ድምፁን ያውቁታል። የቀረውን ቦቲ ተዉትና በካልሲ እግራቸው በጓሮ በር ወጥተው ሮጡ። የሮጡትም ለወጉ ያህል ነው እንጂ የወደቀ ሙዝ በሩጫ እንደማይነሳ ጠፍቷቸው አይደለም።

ሙዙ ከነዘለላው ተጋድሟል። ዘለላውን የደገፉበት ባላ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፍሬዎቹ ገና ከአውራ ጣት አላለፉም፤ ለመቀቀልም ለመጥበስም አይሆኑም። ጋሽ ጽዱ ቁጢጥ ብለው ሥሩን አዩት። ሌሊቱን ነፋስ አልነበረም። ዝናብም አልጣለም። ሙዙ ቆሞ መዋል እንደሰለቸው ሰው ዝም ብሎ ነው የተኛው።

"ወደቀ?" አሉ ባለቤታቸው ከማድቤቱ በር ሆነው።

"ወደቀ።"

"የትኛው?"

"ቧንቧው አጠገብ ያለው። ትናንት ያጠብኩት።"

ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ማድቤቱ አዙረው ሳቃቸውን ዋጡ። ሙዝ የሚያጥብ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ጋሽ ጽዱ ግን በየሳምንቱ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ከግንዱ ላይ አቧራውን ይወለውላሉ።

እውነተኛ ስማቸው ጽዱ አይደለም። ስሙን ያወጡላቸው ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሆስፒታል ነርሶች ናቸው። የጽዳት ኃላፊ ነበሩ። በእሳቸው ፈረቃ ኮሪደር ላይ ወድቃ የተገኘች ጥጥ የለችም፤ ዋናው ሐኪም እንኳ ጫማው ላይ ጭቃ ካለ ከበር ይመለሳል። ጡረታ ሲወጡ ስሙም አብሯቸው ወጣ፣ ሰፈሩም ተቀብሎ "ጋሽ ጽዱ" አላቸው። ባለቤታቸው ብቻ "ኃላፊው" ይሏቸዋል፤ ሲወዷቸውም፣ ሲናደዱባቸውም።

ማሳው የአማታቸው ነበር። አዛውንቱ ሲሞቱ ለአንዲት ሴት ልጃቸው ተረፈ፤ ልጅየዋም ከነባሏ ከከተማ መጥታ ገባችበት። ሙዙ እንደ ፍራፍሬ ልጠው የሚበሉት ሳይሆን ያ ትልቁ፣ በአረንጓዴው ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ ምግብ የሚሆነው ነው። ዘለላውን ከሰጠ በኋላ ግንዱ ይቆረጣል፣ ከሥሩ የወጣው ልጅ ይተካዋል፣ ከዚያም የልጅ ልጁ። አማትየው የተከሏቸው እናት ሙዞች ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ዘራቸው ግን ሳይቋረጥ እስከዚህ ደርሷል። ጋሽ ጽዱ መጀመሪያ ሲመጡ ያዩት ግን ዘሩን አልነበረም። ጉልበት የሚደርስ ደረቅ ቅጠል፣ እዚህም እዚያም ተቆራርጦ የተጣለ ግንድ፣ በመሀሉ የሚጭሩ ዶሮዎችን ነው ያዩት።

"ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባትሽ መጥረጊያ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር እንዴ?" ብለው ነበር ያኔ።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ቅጠሉን ጠረጉ፣ ግንዱን ለቀሙ፣ ዶሮዎቹን በሽቦ አጠሩባቸው። ማሳው የሆስፒታል ኮሪደር እስኪመስል ድረስ በየማለዳው ጠረጉት፤ ጥራጊውንም በእጅ ጋሪ እየገፉ ከማድቤቱ ጀርባ ይደፉታል። መንገደኛ ቆሞ ያደንቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘለላው ለሁለት ሰው ሸክም ነበር፣ ጋሽ ጽዱም "አየሽ፣ ንጽሕና ማለት ይኼ ነው!" እያሉ ባለቤታቸውን አሰልችተዋል። ከዚያ ዘለላው እያነሰ መጣ። እሳቸውም ይበልጥ ጠረጉ። ማዳበሪያ ገዙ፣ ውሃ አጠጡ፣ ባላ አቆሙ። ሙዙ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መውደቁን ቀጠለ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጃቸው ጡብ ሠሪውን ይዞ ይመጣል።

ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጡብ ሠሪው ለምድጃው የሚሆን አፈር ይፈልጋል፤ የማሳውን የላይኛውን አፈር ገፎ ከወሰደ፣ ጡቡን የማመላለሱን ሥራ ለልጃቸው መኪና ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ለሹፌሩ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ማለት ነው። ለማሳው ግን መጨረሻው ነው፤ አፈሩ ከተገፈፈ የሚቀረው ጉድጓድ ነው። ጋሽ ጽዱ እሺም እምቢም አላሉም። "ይምጣና ይየው" ብቻ ነው ያሉት። በልባቸው ግን ከራሳቸው ጋር ተዋውለዋል፦ ሙዙ ለምን እንደሚወድቅ እስከዛሬ ከሰዓት ካወቁ አይሰጡም፤ ካላወቁ ግን ምን ይዘው ይሟገታሉ? የሞተን ነገር ታቅፎ ልጅን እንጀራ መከልከል አይሆንላቸውም።

ቁርስ ቀረበ። በደንብ የተጠበሰ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ ሙዝ ነበር። ጋሽ ጽዱ አንዱን ጎረሱና ከንዴታቸው መለስ አሉ።

"ይኼ ነው እንግዲህ!" አሉ በሹካው ሳህኑን እያመለከቱ። "እስቲ አሁን ይህን የመሰለ ፍሬ የሚሰጥ ማሳ ለጡብ ይሰጣል? አፍ ውስጥ ሟሟ እኮ።"

ጋሽ ጽዱ ቀና ሲሉ የባለቤታቸው ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አዩ፤ ሊያለቅሱ ይሁን ሊስቁ አልለየላቸውም።

"ምነው?"

"ኃላፊው፣ ይኼ ካንተ ማሳ አይደለም።"

"ከገበያ ነው?"

"ከማድቤቱ ጀርባ ነው።"

ጋሽ ጽዱ ማኘክ አቆሙ። "ከቆሻሻው?"

"ከቆሻሻው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ያንተው ዘለላ ማነስ ከጀመረ ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትበላ ነበር?"

አይበሉም ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ጋሽ ጽዱ አፋቸው ውስጥ ያለውን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው፤ መትፋት ነውር ነው፣ መዋጥም ጭንቅ ነው። በመጨረሻ ዋጡት። ከዚያ ለራሳቸውም ሳይታወቃቸው ሹካቸው ሌላ ቁራጭ አነሳ። ይህን ሁሉ ዘመን "የማሳዬ ፍሬ" እያሉ ለእንግዳ ሲያስጎርሱ የኖሩት ትዝ አላቸውና ፊታቸው ጋለ። ከኀፍረቱ ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ አንድ የማያስቀምጥ ጥያቄ። ማንም የማያርመው፣ ማንም የማያጠጣው፣ ቆሻሻ ላይ የበቀለ ሙዝ እንዴት ነው እንዲህ ያለ ፍሬ የሚሰጠው?

ሳህኑን ገፋ አድርገው ተነሱ። "ነይ አሳዪኝ" አሉ።

"አንተው ራስህ በየቀኑ ጋሪ እየገፋህ የምትሄድበት ቦታ እኮ ነው።"

"ስሄድ አፍንጫዬን ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ ነው።"

ይህ ውሸት አልነበረም። ጋሽ ጽዱ ጋሪያቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ሳያዩ የሚመለሱ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ሄደው ፊት ለፊት ቆሙና አዩ። ከማድቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ ድረስ ሙዞቹ ተጣበው ቆመዋል፤ ግንዳቸው የሰው ወገብ ያክላል፣ ቅጠላቸው ጣሪያው ላይ ተኝቷል። ባላ የሚባል ነገር የላቸውም። አንዱ ዘለላ ከመክበዱ የተነሣ ጫፉ መሬት ሊነካ ደርሷል። ጋሽ ጽዱ ዓይናቸው ፈጠጠ።

"እነዚህን ማን ተከላቸው?"

"አንተ።"

"እኔ?"

"ቡቃያ ስትመነጥር ቀጫጫውንና ጠማማውን 'ይኼ አይረባም' እያልክ ከጥራጊው ጋር ትጥላቸው የለ? እነሱ ናቸው። እኔ የማድቤት እጣቢ ደፋሁባቸው እንጂ ሌላ ነገር አልሠራሁም።"

ጋሽ ጽዱ ጠጋ ብለው አንዱን ግንድ ዳሰሱት። እውነትም ከታች ጠማማ ነው። አስታወሱት ማለት አይቻልም፤ ግን የእሳቸው የገጀራ ቁርጥ አሁንም ከጎኑ ይታያል። የሳቁትም ያዘኑትም እኩል ነበር። "አይረባም ያልኩት ልጅ ቀለበኝ በይኛ" አሉ ለራሳቸው ይሁን ለባለቤታቸው በማይለይ ድምፅ።

አካፋና ባልዲ አመጡ። ሆስፒታል ሳሉ አንድ ወለል ቶሎ ቶሎ ሲቆሽሽ ዝም ብለው አይወለውሉም ነበር፤ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ እስኪያገኙ ድረስ ኮሪደሩን ተከትለው ይሄዳሉ። አሁንም ያ ጸባያቸው ተነሣባቸው። በመጀመሪያ ማሳው መሀል ሄደው አካፋውን ቢያሳርፉት ኳ አለ። በእግራቸው ረግጠውት ቆሙበት፤ አካፋው የጣት ያህል ገብቶ ተሰካ። ከማድቤቱ ጀርባ መጡና ሞከሩት። ገና ሳይረግጡት አካፋው በራሱ ክብደት ገባ። ገለበጡት። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ፍርፍር ይላል፣ ሽታው ዝናብ ያባራ ጊዜ የሚሸተውን ዓይነት ነው። አንድ ወፍራም የመሬት ትል ብርሃኑን ጠልቶ ተጣጥፎ ገባ።

"ትል በእጄ እይዛለሁ ብልሽ ታምኚኝ ነበር?" አሉ ሌላ ትል በመዳፋቸው ይዘው።

"ዛሬ ጉድ ነው የማየው" አሉ ባለቤታቸው። "ሳሙና ላምጣልህ?"

"ቆይ። ውሃውን አምጪው።"

አንድ ባልዲ ውሃ ማሳው ላይ ቀስ ብለው አፈሰሱ። ውሃው እንደ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተንሸራቶ እስከ ቦዩ ድረስ ሄደ፤ ከሄደ በኋላ መሬቱን በጣታቸው ቢጭሩት ከላይ ረጥቦ ከሥሩ ደረቅ አፈር ነው። ሁለተኛውን ባልዲ ከማድቤቱ ጀርባ አፈሰሱት። ውሃው የት እንደገባ አልታወቀም። ደግመው አፈሰሱ፤ ይኸኛውንም ዋጠው። ጋሽ ጽዱ ባዶውን ባልዲ አስቀመጡ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠጡት ውሃ ሙዙን አጥቦ፣ ማሳውን አቋርጦ መሄዱን አሁን ገና ገባቸው።

ባለቤታቸው "ገባህ?" አሉ።

"ገና ነው። የማድቤት እጣቢው ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ግድግዳው ፀሐዩን ከልሎላቸው ይሆናል። እንዲህ በቀላሉ አልታለልም።"

እየዞሩ ሲፈትሹ አጥሩ ጥግ ላይ ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን የቆመ አንድ ሙዝ አገኙ። የግድግዳው ጥላ እዚያ አይደርስም። ባለቤታቸውም እጣቢ ይዘው እስከዚያ እንደማይሄዱ፣ ጉልበታቸው እንደማይፈቅድ ነገሯቸው። እዚያ የሚደርሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጋሽ ጽዱ ጋሪ። ሥሩ ላይ የተከመረው ደረቅ ቅጠልና የተቆራረጠ ግንድ የእሳቸው ነው፣ ከማሳቸው በየማለዳው ጠርገው ያመጡት። ከታች ያለው በስብሶ አፈር ሆኗል፣ ከላይ ያለው ገና የትናንት ነው። የዚህ ሙዝ ዘለላ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ጋሽ ጽዱ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሲያወጡ የኖሩት ቆሻሻ አልነበረም። ማሳቸውን ራሱን ነው በጋሪ እየጫኑ ሲያወጡት የኖሩት።

ወደ ወደቀው ሙዝ ተመለሱ። አሁን ሥሩን ሲያዩት ሌላ ነገር ታያቸው። የሙዝ ልጅ ከእናቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። አፈርና ቅጠል ካልተከመረለት ቀስ በቀስ ከመሬት በላይ እየወጣ ይሄዳል። እሳቸው ደግሞ መጥረጊያው በየማለዳው ከቅጠሉ ጋር ትንሽ ትንሽ አፈር ይዞ ሲሄድ አላስተዋሉም። ሙዞቻቸው በሙሉ ከአጥር ማዶ ለማየት እንደሚንጠራራ ሰው በእግር ጣታቸው ጫፍ ቆመዋል። ገጀራቸውን አንስተው የወደቀውን ከሥሩ ሰነጠቁት። ውስጡ በጥቁር ዋሻ ተቦርቡሯል፣ ከዋሻው አንዲት ጥቁር ነቀዝ ወጥታ የሞተች መስላ ጋደም አለች።

"ውይ፣ እሷን አውቃታለሁ" አሉ ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው። "የልጅነት ሥራዬ ነበረች።"

"እንዴት?"

"አባቴ የተቆረጠውን ግንድ ለሁለት ይሰነጥቅና ማታ በሆዱ መሬት ላይ ይደፋዋል። ነቀዝ እርጥብ ግንድ ትወዳለች፣ ሌሊት ገብታ ትተኛበታለች። ጠዋት እኔ እገለብጥና ለቅሜ ለዶሮዎቹ እሰጣለሁ። ከዚያ ግንዱን ከትክተን እንበትነዋለን፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሁልጊዜ ነበር የምንሠራው። እኔ ደግሞ ነቀዝ ለማጥፋት ሳይሆን ዶሮ ለመቀለብ ይመስለኝ ነበር።"

ጋሽ ጽዱ አስታወሱ። መጀመሪያ የመጡ ሰሞን በሆዳቸው የተደፉ የግንድ ግማሾች በየሙዙ ሥር ነበሩ። "ምን ዓይነት ዝርክርክ ሰው ቢሆኑ ነው?" እያሉ የለቀሙት በገዛ እጃቸው ነው። ዶሮዎቹንም ያጠሩባቸው እሳቸው ናቸው። አፈሩ። ከልባቸው ኀፍረት ተሰማቸው። አማታቸውን በሕይወት እያሉ ደህና አድርገው አላወቋቸውም ነበር፤ አሁን ግን ባገኟቸው፣ አንድ ሰዓት ባወሯቸው ብለው ተመኙ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

"የሁለታችንም ነው" አሉ ባለቤታቸው። "እኔም አብሬህ ኮርቼ ነበር። ሰው ሲያደንቅልን ደስ ይለኝ ነበር።"

የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ ጋሽ ጽዱ እስከ ጉልበታቸው አፈር ለብሰው፣ አንድ እግራቸው አሁንም በካልሲ ነበር። ልጃቸው ከጋቢናው ወርዶ አባቱን ሲያይ ባለበት ቀረ። አባቱን እንዲህ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ እንቅልፍ ያባርርልኛል እያለ ያለ ብርቱካን አይነዳም። ልጣጩን፣ እንደ ልማዱ፣ ኪሱ ከተተው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የዚህ ልጅ ኪስ የልጣጭ ሽታ ተለይቶት አያውቅም፤ መሬት ላይ መጣል በአባቱ ቤት ወንጀል ነበር።

"አባዬ፣ ወደቅህ እንዴ?"

"አልወደቅሁም። ሥራ ላይ ነኝ።"

ጡብ ሠሪው ወፈር ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ሰላምታውን ሰጥቶ በቀጥታ ወደ ማሳው ገባና ከአፈሩ ቆንጠር አደረገ። በኮዳው ውሃ አራሰው፣ በመዳፉ አድቦለቦለው፣ ጨመቀው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ ጋሽ ጽዱን በአድናቆት ተመለከታቸው።

"አባባ፣ እንዲህ ያለ አፈር አይቼ አላውቅም" አለ። "ቅጠል የለበት፣ ሥር የለበት፣ ትል የለበት። ሌላ ቦታ ስገዛ መጀመሪያ ሰው ቀጥሬ ነው የማስለቅመው። እርስዎ ጨርሰውልኛል። ልክ ለጡብ ተብሎ የተዘጋጀ ነው።"

ጋሽ ጽዱ ከልማድ ብዛት ደረታቸው ነፋ ሊል ዳድቶት ነበር። ቀጥሎ ግን የሰውየው ቃል ገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት ሙገሳ ሁሉ በዚህ ሰው አፍ ተጠቅልሎ መጣ፤ ትርጉሙም ሌላ ነበር። "ማሳዎ ሞቷል፣ ልውሰደው" ነው የሚለው።

"እስቲ አንድ ነገር እዪልኝ፣ ልጄ" አሉና ወዲያው ራሳቸውን አረሙ፣ "እይልኝ ማለቴ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ሳወራ ውዬ ምላሴ ተሳሰረ። ና ወዲህ።"

ከማድቤቱ ጀርባ ወሰዱት። ጡብ ሠሪው ዘለላዎቹን አልፎ አፈሩን ቆነጠረ፤ እሱ የሚያየው አፈር ብቻ ነው። አራሰው፣ አድቦለቦለው፤ እጁ ላይ ተፈረፈረበት። ራሱን ነቀነቀ።

"ይኼ አይሆንም። ቅጠል የበላ አፈር ነው። ምድጃ ሲገባ ይሰነጣጠቃል።"

"ያኛው ማሳ እንዲህ እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

"እስኪበላሽ ማለትዎ ነው?"

"አዎ። እስኪበላሽ።"

ጡብ ሠሪው ቀልድ መስሎት ሳቀ። "መጥረግዎን ካቆሙና ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ ፍጉን ከከመሩበት፣ ሁለት ሦስት የዝናብ ወቅት። ከዚያ በኋላ በነፃ ቢሰጡኝም አልነካው።"

"እንግዲያው አበላሸዋለሁ" አሉ ጋሽ ጽዱ።

ጡብ ሠሪው አሁንም ቀልድ መሰለው። ልጃቸው ግን ቀልድ አለመሆኑን ወዲያው አወቀ፣ ፊቱም ጠቆረ። ጡብ ሠሪው ነገሩ የቤተሰብ መሆኑን አይቶ፣ "እኔ መኪናው ጋ እጠብቃለሁ" ብሎ ወጣ።

"አባዬ፣ ለእኔ የዓመት ሥራ ነበር" አለ ልጃቸው።

"አውቃለሁ።"

"ባዶ መኪና ይዤ ተራ ስጠብቅ ነው የምውለው። ይኼንንም ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ሆዴን እየበላኝ ነው እምቢ የምለው።"

"ምን አግኝተህ ነው ታዲያ? ትናንት በስልክ 'ምክንያቱን አላውቀውም፣ ተስፋ ቆረጥኩ' አላልከኝም?"

"ዛሬ አወቅሁት። ምክንያቱ እኔ ነኝ።"

ልጃቸው እናቱን አየ። እናቱ በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ጽዱ አንድ በአንድ አስረዱት፤ ባልዲውን፣ አካፋውን፣ ነቀዟን፣ የተጣሉትን ጠማማ ቡቃያዎች። ሲያወሩ እጃቸው ይወራጫል፣ ዓይናቸው ያበራል፤ ሽንፈቱን የሚናገር ሳይሆን አዲስ ነገር ያገኘ ተማሪ ነው የሚመስሉት። ልጃቸው ቁጣው አልበረደም፣ ግን መስማቱን አላቆመም። ካልሲያቸውን አየ፣ ጉልበታቸውን አየ፣ ጥፍራቸው ውስጥ የገባውን አፈር አየ።

"በሚመጣው ወቅትም ቢወድቅስ?" አለ በመጨረሻ።

"የሚመጣው ላይ መውደቁ አይቀርም። ይኼ ዓመታት ይፈልጋል። እያንዳንዷን ልጅ ሥሯ ላይ አፈርና ቅጠል እየከመርኩ፣ ማታ ግንድ እየደፋሁ፣ ጠዋት እየገለበጥኩ ነው የምመልሰው። ጡብ ሠሪው አፈር ከሌላ ቦታም ያገኛል። አፈሩን ግን ዛሬ ከወሰደው፣ የማደርገውን ባውቅም የማደርግበት አይኖረኝም።"

"እና ዕድሜህን በሙሉ ስትጠርግ የኖርክ ሰው፣ መጥረጊያ ልታስቀምጥ ነው? አንተ?"

"እኔም አላምነው" አሉ ጋሽ ጽዱ። እውነታቸውን ነበር። ከነገ ማለዳ ይልቅ የፈሩት ነገር አልነበረም፤ ደረቅ ቅጠል ወድቆ እያዩ ማለፍ፣ ተነሥቶ አለመጥረግ፣ መንገደኛው "ጋሽ ጽዱ ደከሙ መሰለኝ" ሲል ዝም ብሎ መስማት። መጥረጊያው አሁንም እዚያው ባላው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

ልጃቸው ግራ ሲገባው እንደሚያደርገው ሌላ ብርቱካን አወጣ። የወደቀው ሙዝ አጠገብ ቆሞ ላጠው፣ ግማሹን ለእናቱ ሰጠ፣ ግማሹን ጎረሰ። ልጣጩን ወደ ኪሱ ሊከት እጁን ሲሰድ አባቱ አዩት።

"አውጣው" አሉ።

"ምኑን?"

"ልጣጩን። እዚያው ጣለው።"

ልጃቸው ማኘኩን አቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ቃል ከአባቱ አፍ እሰማለሁ ብሎ አላሰበም። "እዚህ? መሬት ላይ?"

"ከሙዙ ሥር።"

ልጣጩ ወደቀ። በዚያ ጥርግርግ ባለ መሬት ላይ ደምቆ ከሩቅ ይታያል። የጋሽ ጽዱ ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ወደ መጥረጊያው ተንቀሳቀሰ፤ በግራቸው ቀኙን ያዙት። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ኋላ አጣምረው ባሉበት ቆሙ። ልጃቸው አባቱን ትክ ብሎ አያቸውና፣ ልጣጭ ያጨቀበትን የጃኬቱን ኪስ እዚያው ይገለብጥ ጀመር።